ከፍልሰታ ማግስት ወደ ኢናሪ፦ በአርክቲክ ዓሣ ለማጥመድና አገር ለማየት

ኢናሪ በሰሜን ፊንላንድ ላፕላንድ ውስጥ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በላዩ ላይ ከ3,000 በላይ ደሴቶች ተበትነዋል። የአርክቲክ ክበብ ከሚያልፍባት ከሮቫኒኤሚ ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። አውሮፓ የምትኖሩ ሰዎች፣ “ክረምቱን ሙሉ በብርድ ስንቀጠቀጥ ከርመን ደግሞ ለዕረፍት ወደ ሰሜን?” ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ነገሩ ሲሰሙት ያስቃል። ግን ሳምንቱን አውቆ ለሄደ ሰው ጸጥታውም፣ ዓሣውም፣ ሰማዩም ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም ባይ ነኝ።

ሳምንቱን አውቆ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ጉዞ የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም እሱ ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከዚህ ጀምሩ።

1. ሳምንቱን ምረጡ

የኢናሪ በረዶ ብዙውን ጊዜ የሚለቀው ጁን መጀመሪያ ላይ ነው። ከሜይ 22 ገደማ እስከ ጁላይ 22 ገደማ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም። ለፎቶ አሪፍ ነው፤ ለእንቅልፍ ግን ጣጣ ነው። ከጁን መጨረሻ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ደግሞ አገሩን የሚገዛው ቢምቢ ነው። ወባ የለበትም፤ ቢሆንም ነፋስ በሌለበት ረግረግ ዳር ቆማችሁ ክር መቋጠር አትችሉም። ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ፀሐይ አትወጣም። ማርችና ኤፕሪል በበረዶ ላይ ቀዳዳ ሰርስሮ ለማጥመድ ምርጥ ጊዜ ናቸው። እሱ ግን ሌላ ዕቃና ሌላ ልብስ ስለሚፈልግ ለዛሬ እንለፈው።

የእኔ ምርጫ ከኦገስት 22 እስከ 31 ያሉት ቀናት ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 16 እስከ 25፣ ማለትም ፍልሰታ እንደተፈታ ማለት ነው። ቢምቢው ጠፍቷል ወይም ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል። ሌሊቱ ተመልሶ መጨለም ስለጀመረ የሰሜን ብርሃን ይታያል። እንጆሪ መሰል የዱር ፍሬዎች፣ በተለይ ሰማያዊው ብሉቤሪ፣ በየመንገዱ ዳር ናቸው። ወንዞቹም ገና ክፍት ናቸው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፦ ፊንላንድ ውስጥ ትራውት የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው በመከር ስለሆነ፣ በወንዝና በጅረት ውስጥ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ማጥመዱ የተከለከለ ነው።

ዓሣው ሁለተኛ ነገር ሆኖባችሁ መልክዓ ምድሩን ካስቀደማችሁ ግን የእንቁጣጣሽን ሳምንት ውሰዱ። ሴፕቴምበር 11 አካባቢ በርች የሚባለው ዛፍ ቢጫ፣ መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ ደግሞ ደማቅ ቀይ ይሆናል። በዚያ ሳምንት ከሐይቁ ሌላ ዓሣ ታጠምዳላችሁ፤ የወንዙን ትራውት ትተዉታላችሁ። ፊንላንዳውያን ራሳቸው ለዚህ ቀለም ወደ ሰሜን ስለሚጎርፉ ቤት ቀድማችሁ ያዙ።

ልጆች ያሏችሁ ትቸገራላችሁ። በስካንዲኔቪያ ትምህርት ቤት የሚከፈተው ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው። ስለዚህ ለእናንተ የቀረው ጁላይ ነው። ይቻላል፤ የራስ መረብና የዓይን መሸፈኛ ለእያንዳንዱ ልጅ ግዙ።

2. ወረቀቱን ጨርሱ

በሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ካርዳችሁን ግን ያዙ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰውም ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም ከለንደን የምትመጡ የሸንገን ቪዛ ታወጣላችሁ። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። እኔ ብሆን እስከ መጨረሻው ሳምንት አልጠብቅም። የጉዞ መድኅኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

3. እንዴት ትደርሳላችሁ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከሄልሲንኪ ወደ ኢቫሎ መብረር ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ከኢቫሎ እስከ ኢናሪ መንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና የምትከራዩ ከሆነ እዚያው አየር ማረፊያው ላይ ተረከቡ።

ሁለተኛው ከሄልሲንኪ የሌሊት ባቡር ይዞ ጠዋት ሮቫኒኤሚ መድረስ ነው። የራሳችሁን መኪና ባቡሩ ላይ መጫን ትችላላችሁ። ለአራት ሰው ከነዕቃው ሲታሰብ ይሄኛው ያዋጣል፤ ዘንግና ቡትስ በአውሮፕላን መጎተትም ይቀርላችኋል። ከሮቫኒኤሚ እስከ ኢናሪ በመኪና አራት ሰዓት፣ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ገደማ ነው።

መንገዱ ላይ አጋዘን ይቆማል። ጥሩምባ ቢነፉለትም አይሰማም። ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ካስፈለገም ቆማችሁ አሳልፉት። የዱር እንስሳ ቢመስልም ባለቤት የሌለው አጋዘን እዚያ አገር የለም፤ ጆሮው ላይ የባለቤቱ ምልክት ተቆርጦበታል። ገጭታችሁ ከሆነ 112 ደውላችሁ አሳውቁ። የቆመ ቢመስልም፣ ሮጦ ቢሄድም ደውሉ።

4. አንድ ቤት ተከራዩና እዚያው ተቀመጡ

ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው። ሰኞ ሮቫኒኤሚ፣ ማክሰኞ ኢናሪ፣ ረቡዕ ኖርዌይ እያለ ሳምንቱን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። አንድ የእንጨት ቤት ሐይቁ ዳር ተከራዩና ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ሁኑ። ለአራትና ለአምስት ሰው ሲካፈሉት ከሆቴል ይረክሳል። ሳውና የሌለው ቤት ማግኘት ራሱ ይከብዳል።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ጀልባ አብሮ አለው ወይ? ለስንት ሰው የሚሆን የሕይወት ጃኬት አለ? ማገዶው ዋጋው ውስጥ ነው? ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው ወይስ ደጅ? ፍሪጁ በረዶ ቤት አለው? አንሶላና የመጨረሻ ቀን ጽዳት ብዙ ጊዜ ለብቻ ይከፈልባቸዋል። አንሶላ ይዛችሁ ከመጣችሁና ራሳችሁ ካጸዳችሁ ትንሽ ብር ትተርፋለች።

ስንቅን በተመለከተ፣ ኢናሪ መንደር ውስጥ መደብር አለ፤ ኢቫሎ ደግሞ ሰፋ ያሉ አሉ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ ግን ከቤት ነው። ለጀልባና ለእግር ጉዞ ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ የሚያክል የለም፤ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ምድጃ አይፈልጉም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የምትመጡ ቋንጣና የአበሻ ቅቤ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ጉምሩክ ይወስድባችኋል።

5. የማጥመድ ፈቃዱን ለዩ

ሰው ሁሉ የሚደናገረው እዚህ ነው፤ ስትለዩት ግን ቀላል ነው።

ተራ ዘንግ፣ ማጠንጠኛ የሌለው፣ ክርና መንጠቆ ከነትሉ ብቻ ከሆነ ብዙ ቦታ በነፃ ይጠመዳል። ልጆችን በዚህ አስጀምሩ።

ማጠንጠኛ ባለው ዘንግ የብረት ማታለያ እየወረወራችሁ የምታጠምዱ ከሆነ፣ ዕድሜያችሁም ከ18 እስከ 69 ከሆነ፣ የመንግሥት የዓሣ ሀብት ክፍያ አለ። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሳምንት ወይም ለዓመት በኢንተርኔት ይከፈላል። ደረሰኙን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ጀልባ የሚቀዝፈው ሰው ዘንግ ካልያዘ አይከፍልም።

ሦስተኛው ቦታን የሚመለከት ነው። ፏፏቴና ፈጣን ውኃ ያለባቸው የወንዝ ክፍሎች፣ እንዲሁም በመንግሥት መሬት ላይ ያሉ ብዙ ውኆች የራሳቸው ተጨማሪ ፈቃድ አላቸው። እሱን የሚሸጠው የመንግሥትን ደን የሚያስተዳድረው ሜትሳሃሊቱስ ነው። ኢናሪ መንደር ሲዳ የሚባለው ሙዚየም ውስጥ የተፈጥሮ መረጃ ጠረጴዛ አለ። ካርታ ዘርግታችሁ ጣታችሁን ቦታው ላይ አድርጉና “እዚህ ምን ያስፈልገኛል?” በሉ። የዓሣው ዝቅተኛ ርዝመት ስንት እንደሆነም እዚያው ጠይቁ፤ ከውኃ ውኃ ይለያያል።

ሳልሞን ብላችሁ ከኢናሪ በስተ ሰሜን ወዳለው የቴኖ ወንዝ ለመሄድ አስባችሁ ከሆነ ተዉት። ዓሣው በጣም ስላነሰ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ ሳልሞን ማጥመድ ታግዷል።

አንድ ነገር ጨምሩበት። የኢናሪ ውኃ በፓትስዮኪ ወንዝ አድርጎ ወደ ባሬንትስ ባሕር ይወርዳል። ወደ ባልቲክ ባሕር በሚፈሱ ወንዞች ውስጥ ያለ የሳልሞን ጥገኛ ተውሳክ በዚያ በኩል እንዲገባ አይፈለግም። በስቶክሆልም ወይም በሄልሲንኪ አካባቢ ያጠመዳችሁበት ዘንግ፣ መረብና ቡትስ እዚህ ውኃ ከመንካቱ በፊት እስኪደርቅ፣ በደንብ እስኪደርቅ አስጡት።

6. ልብስና ዕቃ

ጂንስ ለከተማ ነው። ሲረጥብ አይደርቅም፣ ገላ ላይ ይበርዳል። ከውስጥ ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከመሐል ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት አድርጉ። ኦገስት መጨረሻ ላይ ሌሊት ውርጭ ሊጥል ስለሚችል የሱፍ ኮፍያና ጓንት አትርሱ። እግር ላይ የጎማ ቡትስ ነው፤ አገሬው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ደኑ ውስጥ መሬቱ ውኃ ያዘለ ነው። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሳውና በኋላ ወደር የለውም። ጀልባ ላይ ግን አታውጡት።

ለማጥመጃው ብዙ አታውጡ። ከ2 ሜትር እስከ 2.40 የሚሆን ዘንግ፣ መካከለኛ ማጠንጠኛ፣ ከ10 እስከ 20 ግራም የሚመዝኑ ጥቂት ማንኪያ መሰል ማታለያዎች፣ ፓይክ ለሚባለው ዓሣ የሚሆን የብረት ሽቦ መያዣ። ፓይክ ጥርሱ ክር ይቆርጣል። መቆንጠጫ (መንጠቆውን ከአፉ ለማውጣት)፣ ስለታም ቢላዋ፣ መለኪያ ሜትር። በቃ።

7. አጠማመዱ

ሐይቁ ውስጥ ትራውት፣ ቻር፣ ሲካ የሚባል ነጭ ሥጋ ያለው ዓሣ፣ ፓይክና ፐርች አሉ። ወንዞቹ ላይ ትልቅ የጀርባ ክንፍ ያለው ግሬይሊንግ ይጨመራል። ትራውት ለኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም፤ ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቋል።

የመጀመሪያውን ቀን ከባሕረ ሰላጤዎቹ ዳር ሆናችሁ ፐርችና ፓይክ ሞክሩ። ሣርና ቄጤማ ያለበት፣ ውኃው ጥልቀት የሌለው ቦታ የፓይክ ነው። ማታለያውን ከሣሩ ጠርዝ ጋር አስተካክላችሁ ወርውሩ፤ ሣሩ መሐል አትጣሉት። ቶሎ ቶሎ አትጎትቱ። ሁለት ዙር ሳብ፣ ትንሽ ቆም፣ ደግሞ ሳብ። ፓይክ የሚነክሰው ቆም ስትሉ ነው።

ትራውት ከፈለጋችሁ ጀልባ ላይ ውጡ። አንዱ ቀስ ብሎ ይቅዘፍ፣ ሌላው ማታለያውን ከጀልባዋ 30 ወይም 40 ሜትር ኋላ አስቀርቶ ይጎትት። ጥልቁ ውኃ በድንገት ወደ ድንጋያማ ጥልቀት የለሽ ቦታ በሚያድግበት መስመር ላይ ሂዱ። ደሴቶቹ መሐል ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎችም ጥሩ ናቸው። ምሽት ላይ፣ ነፋስ ሊያርፍ ሲል፣ ከሁሉም ይሻላል። ቻር ጥልቅ ውኃ የሚወድ ስለሆነ ለጀማሪ ያስቸግራል፤ ከመንደሩ አስጎብኚ ቀጥራችሁ አንድ ቀን ከሱ ጋር ብትወጡ ገንዘባችሁ አይባክንም።

ስለ ጀልባው አንድ ቁም ነገር። የሕይወት ጃኬቱ የሚቀመጠው ገላችሁ ላይ ነው፤ ወንበር ሥር አይደለም። ውኃው በሰመርም ቀዝቃዛ ነው፤ ዋናተኛም ሆነ ጎበዝ ሰው ውስጡ ብዙ አይቆይም። ከደሴቶቹ ጀርባ ወጥታችሁ ወደ ሰፊው ውኃ አትሂዱ። ነፋስ ከተነሳ ከሚቀርባችሁ ደሴት ነፋስ በማይደርስበት ጎን ውረዱና ቡና አፍሉ። እስኪያልፍ ጠብቁ። ማንም የሚያባርራችሁ የለም።

8. ዓሣውን አያያዝና አበሳሰል

ከልኩ ያነሰውን እጃችሁን አርጥባችሁ መልሱ። የምታስቀሩትን ወዲያው ራሱን በዱላ መትታችሁ ግደሉት፣ ከዚያ ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ። ዓሣ ጀልባ ውስጥ እየተንፈራገጠ ሲሞት ሥጋው ይበላሻል፤ ነውርም ነው። ሆድ ዕቃውን አውጡና በጥላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አኑሩት።

የሐይቅና የወንዝ ዓሣ በጥሬው አትብሉ። ፓይክና ፐርች የዓሣ ኮሶ ትል ሊይዙ ይችላሉ። ሥጋው በደንብ ይብሰል። በጨው ብቻ ለመብላት ከፈለጋችሁ ቀድሞ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ይቀዝቅዝ።

አበሳሰሉ ላይ የአገሬው ዘዴ ድንቅ ነው። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው ይዘረጉትና በእንጨት ችንካር ጣውላ ላይ ይቸነክሩታል፤ ጣውላውን ከእሳቱ አጠገብ አቁመው ቀስ ብሎ እንዲበስል ይተዉታል። ሲካ በዚህ መንገድ ከበሰለ በኋላ ሚጥሚጣና ሎሚ ቢያገኘው ምን እንደሚሆን ለእናንተ ልተወው። ፓይክ አጥንቱ ብዙ ነው። እሱን ፊሌቶ አውጡና ጉላሽ ሥሩት፣ ወይም ከትፋችሁ በሽንኩርትና በቃሪያ ዱለት አድርጉት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ በመሄድ አልፌዋለሁ።

እሳት በየትም አይነደድም። ፊንላንድ ውስጥ በማንም ደን መሄድ፣ ድንኳን ተክሎ ማደር፣ ፍሬና እንጉዳይ መልቀም ለማንም የተፈቀደ መብት ነው። እሳት ግን የመሬቱን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል። በብሔራዊ ፓርኮችና በመንግሥት ደን ምልክት ያለባቸው የእሳት ቦታዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ማገዶ ተከምሮላቸዋል። የደን እሳት ማስጠንቀቂያ በወጣበት ቀን ሜዳ ላይ እሳት አይነደድም።

9. ነፋስ ባለበት ቀን አገር እዩ

ሁሉንም ቀን አታጥምዱ። ነፋሱ ሲበረታ ሲዳ ሙዚየም ግቡ። የአገሩ ቀደምት ነዋሪ የሆነውን የሳሚን ሕዝብ ኑሮ፣ ልብስና ጀልባ፣ ከቤት ውጭም የጥንት ቤቶቻቸውን ታያላችሁ። በኢናሪ ብቻ ሦስት የሳሚ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በፊንላንድ ያሉ ሳሚዎች ፓርላማም መንደሩ ውስጥ ነው፣ ሳዮስ በሚባለው ሕንፃ። የባህል ልብስ የለበሰ ሰው ስታዩ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። አጋዘን አርቢ ካገኛችሁም “ስንት አጋዘን አለህ?” አትበሉት፤ ሀብቱን መጠየቅ ነው።

ከመንደሩ በጀልባ እስከ ኡኮንኪቪ ደሴት አጠገብ የሚወስድ ጉብኝት አለ። ለሳሚዎች ከጥንት ጀምሮ ቅዱስ ስፍራ ነው። በእግር መሄድ ለሚወድ ደግሞ የፒኤልፓያርቪ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1760 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እስካሁን መኪና አይገባበትም። ከመኪና ማቆሚያው 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከመንደሩ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ድንጋያማ መንገድ ነው። የእኛን የገደል ላይ ገዳማት ለወጣ እግር ይሄ ምንም አይደለም።

አንድ ሙሉ ቀን ለሌመንዮኪ ስጡ። የፊንላንድ ትልቁ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ 2,850 ካሬ ኪሎ ሜትር። ከንዩርኩላህቲ መንደር በጀልባ ወንዙን ተከትላችሁ ወደ ራቫዳስ ፏፏቴ ትሄዳላችሁ። ወርቅ ፈላጊዎች የሰፈሩበት ሸለቆ ነው፤ ዛሬም በአካፋ የሚፈልጉ አሉ።

ማታ ላይ የሰሜን ብርሃንን ጠብቁ። ደመና ካለ አትልፉ፣ ተኙ። ሰማዩ ጥርት ካለ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ የቤቱን መብራት አጥፍታችሁ ወደ ሰሜን ወደ ሐይቁ ዙሩ። ደካማ ሲሆን ለዓይን እንደ ግራጫ ጭስ ይመስላል፤ አረንጓዴውን ካሜራ ቀድሞ ያየዋል። ስልካችሁን ድንጋይ ላይ አስደግፉና በሌሊት ሞድ ለጥቂት ሰከንድ አንሱ።

10. እንዳትጠፉ

112 Suomi የሚባለውን የፊንላንድ የአደጋ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። በሱ ስትደውሉ ያላችሁበትን ቦታ ለአደጋ ሠራተኛው ይልካል። ግን ኔትወርክ የሌለባቸው ሸለቆዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ያዙ፤ ኮምፓሱ እዚያ ከእውነተኛው ሰሜን ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ምሥራቅ ስለሚያዘነብል አስተካክሉት። የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። በምድረ በዳው ውስጥ ለማንም ክፍት የሆኑ ነፃ ጎጆዎች አሉ፤ ብትገቡባቸው ስማችሁንና የምትሄዱበትን አቅጣጫ መዝገቡ ላይ ጻፉ። ማታ ደክሞት የሚመጣ ሌላ መንገደኛ ካለ ቦታ የሚለቀው ቀድሞ ያረፈው ነው።

11. ስትመለሱ

የተረፈውን ዓሣ ከመውጣታችሁ ሁለት ቀን በፊት በረዶ ቤት አስገቡ። በጋዜጣ ደጋግማችሁ ጠቅልሉና በማቀዝቀዣ ቦርሳ ጫኑት፤ በሌሊት ባቡር እስከ ሄልሲንኪ ይደርሳል። ጀልባዋን ውኃ ከማይደርስበት ጎትታችሁ ገልብጡ። አመዱን በብረት ባልዲ አውጡ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ እንጨት አጠገብ አታስቀምጡት። ለቀጣዩ ሰው የሚሆን ማገዶ ፈልጣችሁ ምድጃው አጠገብ ደርድሩ። ዘንጉን ደግሞ ክሩን አውጥታችሁ ለማድረቅ ስቀሉት።